ለእነዚህም ልጆች ቦታ ይኑር

ውድ አዘጋጅ፣

በከተማችን ስላሉ የኪነ ጥበብ ክበባት በጻፋችሁት ላይ የምጨምረው አለኝ። ጎንደር ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ልጆች አሉ። ይስላሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ እስክስታም ይችሉበታል። ሥራቸውን ግን በስማቸው አያወጡም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መደራጀትን ለብዙዎች አቅልሏል። ለእነሱ ግን በሩ ዝግ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስር ያስቀጣል። ስለዚህ ቢሮና ማኅተም ያለው ድርጅት ዛሬ አይታሰብም።

ትንሽ ነገር ግን ይቻላል። የሚተማመኑ ጥቂት ሰዎች፣ በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ፣ ቀለምና ወረቀት፣ ከቤት ለተባረረ ማደሪያ። እኔ ከሥዕል ኤግዚቢሽን ይልቅ ማደሪያውን አስቀድማለሁ። የስም ዝርዝር አይያዝ፣ ፎቶም አይነሳ።

ይህች ከተማ እኮ አዝማሪን በሠርጓ እየጠራች ልጇን ለአዝማሪ አልድርም ስትል ኖራለች። አዝማሪዎቹ የራሳቸውን የምስጢር ቋንቋ አበጅተው፣ ሙያውን ከአባት ለልጅ እያወረሱ እዚህ ደረሱ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የምንኮራው በማሲንቋቸው ነው።

እባካችሁ የእነዚህን ልጆች ግጥም ስም ሳትጠቅሱ አትሙላቸው። ወላጆችም፣ ነገሩ ባይዋጥላችሁ እንኳ ልጃችሁን ከቤት አታስወጡ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከፒያሳ፣ ጎንደር