የፍሎረሰንት ቱቦ መሸጥ ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። ገሚሶቻችሁ ደውላችሁ ነገራችሁኝ። ገሚሶቻችሁ ሱቅ ድረስ መጣችሁ። አንድ የድሮ ደንበኛችን ግን ቱቦ ይደረደርበት የነበረውን ባዶ መደርደሪያ ቆመው አዩና አንድም ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም በዚያው ቀን ማታ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ብዙዎቻችሁ ኒዮን የምትሉትን የአኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ፍሎረሰንት ቱቦ ማስገባት አቁመናል። ወፍራሙን ቲ8ም፣ ቀጭኑን ቲ5ም። ከእንግዲህ ገንዳ ውስጥ ለሚያድግ ተክል የምንሸጠው መብራት ኤልኢዲ ብቻ ነው። ቀደም ብለን ሳንነግራችሁ በድንገት ማድረጋችን ስህተት ነበር። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ራሱ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ስሙኝና ፍረዱኝ።

«ውዱን መብራት ሊያስገዙን ብለው ነው» የሚል ወሬ ጆሮዬ ደርሷል። ይህ ወሬ ውስጤን ጎድቶታል። እስቲ አስቡት። ቱቦ የሚገዛ ሰው በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ቱቦው ይደክማላ። ኤልኢዲ የገዛ ሰው ግን ለዓመታት መብራት ፍለጋ አይመጣም። ትርፍ ብቻ የምቆጥር ሰው ብሆን ኖሮ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ካርቶን ድረስ እሸጥላችሁ ነበር።

ደግሞም ቱቦን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህ ሱቅ የቆመው በቱቦ ነው። ከ14 ዓመት በፊት ስጀምር የነበረችኝ አንዲት የ60 ሊትር ገንዳ ናት። ክዳኗ ላይ የነበረው ተራ ቢጫ አምፖል ነው፤ ሲነኩት ጣት የሚያቃጥል። እጄ ላይ በቀረችው ገንዘብ ቫሊስኔሪያ የሚባል የውሃ ተክል ገዝቼ ተከልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ እንደረጠበ ወረቀት ሳሳ። ሳብ ሳደርገው ሥሩ አሸዋው ውስጥ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ እጄ ላይ መጣ። ያን ቀን ማታ ገንዳዋን ሸጬ ልገላገል ወስኜ ነበር። ከዚያ አንድ ባለ 18 ዋት ቱቦ ተውሼ አበራሁ። ወር ሳይሞላ ከዚያው ከቀረው ሥር አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ጣት የምታህል፣ ጥርት ያለች አረንጓዴ። ዛሬ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የመጣው ከዚያች ቅጠል ነው።

ታዲያ ለምን ተውነው? አንደኛው ምክንያት ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ። በሜርኩሪ ላይ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው እንዲህ ዓይነት ቱቦ ማምረትም፣ ማስገባትም፣ ማስወጣትም እስከ 2027 ድረስ እንዲያበቃ ተስማምተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ተራዎቹን ቲ8 እና ቲ5 ቱቦዎች ከገበያው አግዷል። ስለዚህ ለእኛ የሚደርሰን ከመጋዘን የሚጠረግ አሮጌ ዕቃ ሆኗል። ባዘዝን ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ምርጫው ይቀንሳል። በመጨረሻው ጭነት 9 ቱቦ ተሰባብሮ ደረሰን። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ ስብርባሪውን በካርቶን እያፈሱ፣ ዱቄቱን በፕላስተር እያነሱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በር ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነው ልቤ የቆረጠው።

ሁለተኛው ምክንያት ቱቦ ሳይነግራችሁ መድከሙ ነው። ዓይናችን ቶሎ ይለምዳል። ቱቦው በርቶ ስላየነው በቂ ይመስለናል። ጫፍና ጫፉ ጠቁሮ፣ ብርሃኑ ቀንሶ፣ ከቱቦው በታች ያለው ተክል እየተራበ ነው። ከእናንተ መካከል ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቱቦ ያበራችሁ አላችሁ። አልወቅሳችሁም። የሚቀየርበት ዋጋ በየጊዜው እየናረ ሲሄድ ማን ይቀይራል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «እሺ፣ ገንዘብ የለኝም፤ ምን ላድርግ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ ገንዳውን የሚሸፍነውን መስታወት አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ውሃ ሲተንና ሲረጭ የሚተወው ነጭ የኖራ ንጣፍ ብዙ ብርሃን ያስቀራል። በሆምጣጤ እሹት። አዲስ መብራት ሊገዙ መጥተው መስታወት ጠርገው ብቻ የተመለሱ ደንበኞች አሉኝ። ከእነሱ ምንም አላገኘሁም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የሸኘኋቸው።

ቀጥሎ፣ የቱቦ ክዳናችሁን፣ ማለትም ቱቦው የሚገጠምበትን የገንዳ ክዳን፣ አትጣሉት። በዚያው ርዝመት የተሠራ ኤልኢዲ ቱቦ አለ፤ በዚያው መያዣ ይገባል። ክዳኑ የድሮው ዓይነት ባላስት (ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው) እና ስታርተር (ቱቦውን የሚያስነሳው) ካለው፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራውን ቱቦ መርጣችሁ፣ ስታርተሩን አብሮት በሚመጣው የኤልኢዲ ስታርተር መተካት ብቻ ነው። ክዳኑ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ካለው ግን ሁሉም ቱቦ አይስማማውም። አምጡትና እንየው። ለማየት አናስከፍልም። እባካችሁ ውሃ አጠገብ ሽቦ ራሳችሁ አትቀጥሉ። የሶኬቱ ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መሬት ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ክዳን የሌላችሁ ደግሞ ተራ የቤት ኤልኢዲ አምፖል ይበቃችኋል። ይህን የምነግራችሁ አምፖል የማልሸጥ ሰው ነኝ። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ አምፖል ፈልጉ፤ በጠረጴዛ መብራት መያዣ ከገንዳው በላይ አቁሙት። ባለ 10 ዋቱ ወደ 1000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ለ50 ሊትር ገንዳ፣ በሊትር 20 ሉመን ማለት ነው። ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉት የውሃ ተክሎች፣ ለአኑቢያስ፣ ለጃቫ ፈርንና ለክሪፕቶኮሪን፣ ከበቂ በላይ ነው። ሉመን ለሰው ዓይን የተሠራ ልኬት መሆኑን ግን አትርሱ። የተክልን ፍላጎት በትክክል አይለካም፤ ለግምት ይረዳል እንጂ።

«የተክል መብራት ካልሆነ እንዴት ያበቅላል?» የምትሉ አላችሁ። ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ነው። በላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከፊሉን ሰማያዊ ወደ ቢጫና ቀይ ይቀይረዋል፤ ተደባልቆ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ደማቁን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈጠሩት ጃፓን የተወለዱት ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ተክላችሁም ሰማያዊውንም ቀዩንም ከዚያው ያገኛል። «የተክል መብራት» ተብሎ የሚሸጠውን ያንን ሐምራዊ መብራት ግን ተዉት። ያበቅላል፤ አያበቅልም አልልም። ነገር ግን ዓሣውም ተክሉም መልኩ ይጠፋል፤ መጥቆር የጀመረ ቅጠል እንኳ አይለይም።

ሌላም ቅሬታ ደርሶኛል። «ገንዘቤን ይዤ መጥቼ ኃይለኛውን መብራት አልሸጥም አሉኝ» ብላችኋል። እውነት ነው፣ ለአንዳንዶቻችሁ አልሸጥንም። ብርሃን የተክልን ረሃብ ይቀሰቅሳል። ረሃቡ ሲቀሰቀስ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ይፈልጋል። ካላገኘ ተክሉ ባለበት ይቆማል፤ የተረፈውን ብርሃን አልጌ፣ ያ ቅጠልና መስታወት ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ ይወርሰዋል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወጣት ትልቁን መብራት ሸጥንለት። ገንዳው ትንሽ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ጋዝ የለውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአኑቢያስ ቅጠል በፌስታል ይዞ መጣ። ቅጠሉ እንደ በግ ጠጉር ለብሷል። አኑቢያስ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ አንዱ ቅጠል ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ አልጌው ተደላድሎ ይቀመጥበታል። ልጁ አልተቆጣም። «ምን አጠፋሁ?» ብቻ ነው ያለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሳንጠይቅ አንሸጥም። ገንዳው ስንት ሊትር ነው? ምን ተክለሃል? በቀን ስንት ሰዓት ታበራለህ? ይህን መጠየቃችን ንቀት መስሏችሁ ከሆነ ንቀት አይደለም።

ኃይለኛ መብራት አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወይም ላዩን ተንሳፋፊ ተክል ልቀቁበት። በቀን ለ6 ሰዓት ያህል በማብራት ጀምሩ፤ ተክሉ ሲለምድ እስከ 8 ሰዓት ርዝመት ጨምሩ። አንድ ነገር ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ግዙ። በታይመር የሚበራ ርካሽ አምፖል፣ ባለቤቱ ትዝ ሲለው ከሚያበራው ውድ መብራት ይሻላል። ይህን በሱቄ ገንዳዎች ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ስለ ዋጋም አልሸሽም። የኤልኢዲ መብራቶቻችን ላይ ጨምረናል። ዕቃ ማስገቢያው ጨምሯል፣ ኪራዩ ጨምሯል፣ ቀን ከሌት የሚሠራው ፓምፕና ማሞቂያ የሚበላው ኤሌክትሪክ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ሠራተኛ አልቀነስኩም። ቱቦውን ባቆምንበት ሳምንት ዋጋ መጨመራችን ግን እንዴት እንደሚታይ ይገባኛል። ሁለቱ አንድ ላይ የወደቁት በአጋጣሚ ነው። እባካችሁ እመኑኝ።

ከእናንተ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓሣቸውን ከእኔ እጅ የወሰዱ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሌላ ሱቅ ርካሽ ብታገኙ ሂዱ፤ አልቀየማችሁም። ግን ተቆጥታችሁ አትሂዱብኝ። መጥታችሁ ፊት ለፊት ተናገሩኝ።

እስከዚያው የምናደርገው ይህ ነው። እጃችን ላይ 22 ቱቦ ቀርቷል። ክዳናቸው ምንም ዓይነት ኤልኢዲ ለማይቀበል ሰዎች ብቻ፣ በድሮው ዋጋ፣ ለአንድ ሰው አንድ። ባለፉት ሁለት ወራት የቱቦ ክዳን ከእኛ የገዛችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ወደ ኤልኢዲ እንቀይርላችኋለን፣ የቱቦውንም ዋጋ ከሒሳቡ እንቀንሳለን። የተቃጠለውን ቱቦም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ሳይሰበር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አምጡልን፤ ሰብስበን በአግባቡ ለሚያስወግዱ እናስረክባለን።

ምንም ሳይናገሩ ለወጡት ደንበኛችንም አንድ መልእክት አለኝ። ለእርስዎ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ክዳን የሚሆን ኤልኢዲ ቱቦ ትናንት ገብቷል። ስታርተሩም አብሮ አለ። ስምዎን ጽፌ ከባንኮኒው ሥር አስቀምጬልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት