ለሞተርሆም ደንበኞቻችን፦ የማመጣጠኛው ፓነል አልበራ ሲል

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ብርዱ አልፎ ቆመው የከረሙት ሞተርሆሞች (መኖሪያ ቤት ያላቸው መኪኖች) ሲነሡ ስልካችን ላይ የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የሌቭሊንጉ ፓነል አይበራም፤ አዲስ እዘዙልን።» ሌቭሊንግ ማለት ማመጣጠን ነው፤ ፓነሉ የቆመው መኪና እንዳያዘነብል ከሥሩ የሚደግፉትን ክሪኮች የሚያዝዘው ነው። ፓነል ብንሸጥ አይከፋንም። ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ፓነሉ ላይ ሳይሆን ኤሌክትሪክ በሚያመጣለት መስመር ላይ ነው።

አብዛኞቹ ፓነሎች የሞተሩ ቁልፍ ካልተከፈተና የእጅ ፍሬኑ ካልተያዘ አይታዘዙም፤ ሆን ተብሎ ለደኅንነት የተደረገ ነው። መኪናውን ስታቆሙ ያጠፋችሁት የባትሪ ማቋረጫም እንደጠፋ ቀርቶ ይሆናል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ተኩት። ደግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ከፍ ያለ ፊውዝ መክተት ሽቦውን ማቃጠል ነው።

አሳሳቹ ግን ሌላ ነው፦ ፓነሉ በደንብ በርቶ፣ ክሪኮቹን አውርድ ሲባል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ክሪኮቹን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሞተር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ፓነሉ የሚፈልገው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ስለዚህ የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ ገመድ ፓነሉን ለማብራት አያንስም፤ ፓምፑ ሲነሣ ግን ቮልቴጁ ይወርድና ፓነሉ ይጠፋል።

«ለክተን 12 ቮልት አገኘን» የሚሉን አሉ። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ 12.0 ካሳየ ሊያልቅ ተቃርቧል። የቤቱ መብራት ደምቆ መብራቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቤቱና የሞተሩ ባትሪ የተለያዩ ናቸውና ፓምፑ ከየትኛው እንደሚስብ እዩ።

ቀጥሎ ግራውንዱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር፣ ፈትሹ። የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ፓምፑ ግራውንድ በሚያገኝበት ብረት ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ፓምፑን ያስነሣላችሁ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ እዚያው ነው። እኛ ባለንበት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለበረዶ የሚበተነው ጨው ከመኪናው ሥር ያሉትን ማያያዣዎች ይበላል። ባትሪውን አላቁ፣ ማያያዣውን ፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ።

አደራ፣ በእነዚህ ክሪኮች ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪኮቹ ወርደው ፓነሉ ከጠፋባችሁም አትንዱ፤ ብዙዎቹ ፓምፖች በእጅ መመለሻ አላቸው፤ አሠራሩ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እምቢ ካለ ደውሉልን። ስትደውሉ ባትሪው አርፎ ሳለና ፓምፑ እየሠራ የለካችሁትን የባትሪውን ቮልት፣ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ንገሩን፤ ፓነል ማዘዝ ያስፈልግ እንደሆነ ያኔ እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ