የሮስ ዕድሜና የአንተ እንቅልፍ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንኳን ለ30ኛ ዓመት ልደትህ አደረሰህ። እመብርሃን ከክፉ ትሰውርህ። ምርቃቴን ሳልጨርስ ግን የሰማሁትን ልናገር፤ ከሌሊት ሥራ ወጥተህ ዐይንህን ሳትከድን ታክሲ ትነዳለህ አሉ። እህትህን እንዳትቆጣት፣ አስጨንቄ ነው ያናገርኳት። ልጄ፣ ሳትተኛ አትንዳ።

ልደትህ ሲደርስ ስለ ሮስ ዕድሜ ያለን ክርክር ትዝ አለኝና ፍሬንድስ የሚባለው የአሜሪካ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ጓደኛሞቹ ሁሉም 30 የሚሞላቸውን ክፍል ደግሜ አየሁት፤ በፈረንጆቹ 2001 የወጣውን። ጆይ ለምን አስረጀኸኝ ብሎ ፈጣሪን ሲወቅስ አሁንም አሳቀኝ። ፊቢማ እዚያው ላይ 31 እንደሞላት ትሰማለች። የሮስን ዕድሜ ግን ዘንድሮም ላስማማው አልቻልኩም። በሦስተኛው ሲዝን 29፣ በአራተኛው 29፣ በአምስተኛውም 29! ሮስ ጓደኛውን ቻንድለርን ከኮሌጅ ወደ ቤተሰቡ ለግብዣ ይዞት የመጣው በ1987 ነው። ያኔ 18 ነበር ብንል እንኳ ሦስተኛው ሲዝን ሲጀምር፣ በ1996፣ 27 ነው የሚሆነው።

አንተ «ጸሐፊዎቹ ረስተው ነው» ትል ነበር። እኔ አሁንም አልቀበልህም። የ1994ቱን የመጀመሪያ ክፍል ተመልከት፤ የሮስ እህት ሞኒካ ጓደኛዋን ሬቸልንና ቻንድለርን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ታስተዋውቃቸዋለች። ሁለቱ ግን በ1987ቱ ግብዣ አንድ ቤት ነበሩ። ያ ግብዣ የታየን በ1998 ነዋ! ያለፈው ታሪካቸው የተጻፈው ከአሁኑ ታሪካቸው በኋላ ነው። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ይህ አይጠፋኝም፤ ሰው ያለፈውን የሚያወራው ለዛሬው እንዲሆነው አድርጎ ነው።

አያትህን አታስታውሰውም? ጣልያን በገባበት ዓመት ተወለድኩ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ለአርበኞች በሌሊት ስንቅ አመላለስኩ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 አምስት ዓመት ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ምን ስንቅ ይሸከማል? አንድ ቀን ይህን ብጠይቀው ተነሥቶ ወጣ። የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እሱን በቀበርን ማግስት፣ ልቅሶው ላይ። ስንቁን ያመላልስ የነበረው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ አንድ ሌሊት እንደወጣ ቀረ። እናታቸው ስሙ ሲነሣ ስለምትታመም በቤቱ አይጠራም ነበር። አባቴ የወንድሙን ሥራ የራሱ አድርጎ አወራ፤ ሌላ የሚያወራበት መንገድ አልነበረውማ። በሕይወት ሳለ ወንድሙን በስሙ እየጠራሁ ባስወራው ኖሮ፣ ስንት ነገር በነገረኝ!

ልመክርህ ተነሥቼ የት ደረስኩ። ሳትተኛ አትንዳ ነው ያልኩህ።

ያንተም ወሬ አልገጠመልኝም። «የሌሊቱን ሥራ ትቻለሁ፣ በአራት ሰዓት እተኛለሁ» ብለኸኛል። መልእክትህ የሚገባልኝ ግን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። እዚያ ዋሽንግተን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለት ነው! ሮስን በዓመተ ምሕረት የያዝኩ እናትህ አንተን በሰዓት አልይዝህም ብለህ ነው? ለእኔ ገንዘብ ለመላክ ከሆነ ይቅርብኝ። ቆርቆሮው ይህን ክረምት ይችላል፣ አስጠግኜዋለሁ።

ሽሮና በርበሬ በሰው ልኬልሃለሁ፤ በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አድርገው። እሁድ ሥራ አትግባ፣ ተኛ። ሳትተኛ አትንዳ፣ የኔ ጌታ። ጠግበህ ስትነቃ ደውልልኝ። በሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከደወልክ ግን አላነሣም።

እናትህ