ማራማሮሽ ዋና ከተማዋ ባያ ማሬ አልነበረችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከናዚ እልቂት ስለ ተረፈው ደራሲ ስለ ኤሊ ቪዘል የትውልድ ስፍራ ያወጣችሁት ጽሑፍ የቀድሞውን የሃንጋሪ አውራጃ ማራማሮሽን ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ካለው ማራሙሬሽ ጋር አንድ አድርጎታል። የአውራጃው ዋና ከተማ ባያ ማሬ እንደ ነበረች፣ ቪዘልም ሃንጋሪ ውስጥ እንደ ተወለደ የጻፋችሁት ስሕተት የመጣው ከዚያ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሮጌው አውራጃ መቀመጫ የሲጌት ከተማ ነበረች። ባያ ማሬ ከጉታይ ተራሮች ማዶ፣ በሳትማር አውራጃ ሥር የምትገኝ የማዕድን ከተማ ነበረች።

ማራማሮሽ ወደ 10 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ በካርፓቲያን ተራሮች የተከበበ የላይኛው ቲሳ ወንዝ ተፋሰስ ነው። የቴሬስቫና የቴሬብልያ ወንዞች ከሰሜን፣ የኢዛና የቪሼው ወንዞች ከደቡብ ወደ ቲሳ ይገባሉ። ጨው ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ሃንጋሪ ሜዳ የሚጓዘው በዚሁ ወንዝ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሃንጋሪን ድንበር የወሰነው የ1920ው የትሪያኖን ውል ታዲያ የአውራጃውን እምብርት ድንበር አደረገው፦ ሰሜኑ ለቼኮዝሎቫኪያ፣ ደቡቡ ከነሲጌት ለሮማኒያ። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል። የባቡሩ መስመር ግን በሰሜኑ ዳርቻ ካለችው የቴሬስቫ ከተማ በኋላ ቲሳን ተሻግሮ በሲጌት በኩል ያልፍና በሰሜኑ ወዳለችው ወደ ራሂቭ ከተማ ሲቃረብ ተመልሶ ይሻገራል፤ ስለዚህ የቼኮዝሎቫኪያ ባቡር ከራሱ አገር ወደ ራሱ አገር ለመድረስ በስምምነት የሮማኒያን መሬት ማቋረጥ ነበረበት።

ቪዘልም በ1928 ሲወለድ ሲጌት የሮማኒያ ነበረች፤ «ሃንጋሪ ውስጥ ተወለደ» ማለት ልክ አይደለም። ሃንጋሪ ሰሜኑን በ1939፣ ሲጌትን ደግሞ በ1940 መልሳ ያዘች። የከተማዋ አይሁዶች በግንቦት 1944 ወደ ናዚዎቹ የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ የተጋዙት በሃንጋሪ አስተዳደር ዘመን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደቡቡ ለሮማኒያ ተመለሰ፤ ሰሜኑ በ1945 ለሶቪየት ኅብረት ተላለፈ፣ ዛሬ የዩክሬን ነው።

የጠቀሳችሁት የ1910 ቆጠራም ጥንቃቄ ይሻል። ከ357,705 ነዋሪዎች ከመቶ 17 ያህሉ «ጀርመንኛ ተናጋሪ» ተብለዋል፤ ቆጠራው የጠየቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋን ነበርና ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመደውን ዪዲሽ የሚናገሩ አይሁዶች እዚያ ዓምድ ገብተዋል። ስንት አይሁድ እንደነበረ የሚፈልግ የሃይማኖቱን ሰንጠረዥ ያንብብ። ትልቁ ቁጥር፣ ከመቶ 45 ያህሉ፣ የሩቴኖች (የምሥራቅ ስላቭ ሕዝብ) ነበር፤ ጽሑፋችሁ ግን ስማቸውን እንኳ አላነሣም።

የቤተሰብ መዝገብ ለምትፈልጉ አንባቢዎች፦ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው ከኦክቶበር 1895 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ በየሃይማኖቱ ተቋም እጅ ነበር። ስለዚህ ዓመቱንና ሃይማኖቱን፣ ቀጥሎም መንደሩ ከቲሳ በየትኛው ዳርቻ እንዳለ አስቀድማችሁ ለዩ። የሰሜኑን በዩክሬኑ የዛካርፓትያ መዝገብ ቤት፣ የደቡቡን በሮማኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የማራሙሬሽ ቅርንጫፍ ጠይቁ። ይኸኛው የሚገኘው ባያ ማሬ ነው፤ ምናልባት ጸሐፊውን ያሳተውም ይኸው ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ