ቃል ሲጠፋኝ ለጠበቃችሁኝ

ኮሎምበስ ኦሃዮ ላላችሁ፣ ከዲሲም ከአዲስ አበባም ስትደውሉ ለነበራችሁ ሁሉ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንደምታውቁት ስትሮኩ ከመታኝ በኋላ እጅና እግሬ ቶሎ ተመለሱ፤ ንግግሬ ግን ቆየ። የምፈልገውን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ አይመጣም። ውሃ ልል ጫማ እላለሁ። ይህንንም ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ የሳትኩትን ልጄ ታርምልኛለች።

ባለቤቴ በሰው ፊት መመስገን አትወድም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ እሷ ታውቀዋለች። ተራ ገብታችሁ ምግብ ያመላለሳችሁ፣ የመኪናዬን ወርሃዊ ክፍያ ሳልጠይቃችሁ የከፈላችሁልኝ የሥራ ጓደኞቼ፣ ሌሊት በአማርኛ ያጽናናሽኝ ነርስ፣ ብድራችሁን እግዜር ይክፈልልኝ። (አንዳንዶቻችሁ ስታናግሩኝ ለምን እንደምትጮኹ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምላሴ ታመመ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።)

አሁን የምትስቁብኝ ምስጋና ይምጣ። ከርክ ኸርብስትሪትን ላመሰግን ነው። አዎ፣ የስፖርት ጣቢያውን የኢኤስፒኤንን የፉትቦል ተንታኝ።

እዚህ ከተማ ስኖር የአሜሪካን ፉትቦል አላይም ነበር። ታምሜ ቤት ስውል ግን ልጄ ቅዳሜ ጠዋት እሱ ያለበትን የኮሌጅ ፉትቦል ፕሮግራም፣ ኮሌጅ ጌምዴይን ከፍታ አጠገቤ ትቀመጥ ጀመር። ታሪኩንም የነገረችኝ እሷ ናት። ሰውዬው የኛው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ነበር፤ አባቱም እዚያው ተጫውተው የቡድኑ አምበል ነበሩ። ያም ሆኖ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻ ዓመቱ፣ በ1992 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያ ዓመት ከባላንጣችን ከሚሺጋን ጋር 13 ለ 13 ሲለያዩ 28 ቅብብል አሳክቶ የዩኒቨርሲቲውን የዚያን ጊዜ ሪከርድ ያዘ። በዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል ውስጥ አልተጫወተም። ኮሎምበስ ሬዲዮ ላይ ማውራት ጀመረ፣ በ1995 ኢኤስፒኤን ገባ፣ በ1996 የጌምዴይ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አሁንም አልተነሳም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አጠገቡ ሊ ኮርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ ጋሽ ሊ ነው የምላቸው። በ2009 እሳቸውንም ስትሮክ መታቸው፣ መናገር አቃታቸው። በዚያው ዓመት ተመልሰው ካሜራ ፊት ተቀመጡ። ቀጥታ ስርጭት ላይ! እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ ስሜን ለመናገር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ጋሽ ሊ ቃል ሲጠፋቸው ከርክ አይነጥቃቸውም። ወደሳቸው ዞር ይላል፣ መነሻ ያቀብላቸዋል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ቴሌቪዥን ላይ ትንሽ ዝምታ እንኳ ስንት እንደሆነች አስቡት። ልጄም አይታ ያዘችው፤ ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገሬን ጨርሳልኝ አታውቅም። ለዚህ ነው የማመሰግነው።

የሚገርመው ይህን ሰው የገዛ ከተማው ነው ያስከፋው። ለኦሃዮ ስቴት አያዳላም ያሉ ደጋፊዎች ሰላም ሲነሱት በ2011 ቤተሰቡን ይዞ ናሽቪል ገባ። ጃንዋሪ 2025 ቡድኑ ኖትርዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ግን ማይክ ፊት እንባው መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ውጦት ኖሮ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም አለቀስኩ፣ ስትሮክ ሰውን አልቃሻ ያደርጋል።

ኦገስት 30፣ 2025 ጋሽ ሊ በ90 ዓመታቸው እዚሁ ኮሎምበስ ከፕሮግራሙ ተሰናበቱ፤ ያሸንፋል የሚሉትን ቡድን ማስኮት ጭንቅላት ማጥለቅ ልማዳቸው ነበርና፣ በ1996 እንደጀመሩት የኦሃዮ ስቴቱን የብሩተስን ጭንቅላት አጥልቀው። ልጄ ደግፋኝ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ከርክን አመሰግናለሁ ልለው አስቤ፣ በዚያ ጩኸት ግን የጤነኛም ድምፅ አይሰማ።

ስልክ ገና ይከብደኛል፣ ፊት ስለማይታይ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ቤት ኑ፣ ቡና ይፈላል። የሚሺጋን ደጋፊም አይባረርም፤ ብቻ እንዳትጮኹብኝ።