ጥላሸቱን ምን ዋጠው?

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ የጠዋት ጭጋግ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላው ይቅር፣ አንዷ ዓረፍተ ነገር አልዋጥ አለችኝ። ብናኞቹ የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልሱ ከተማዋን ከሙቀት ይከላከላሉ ትላለች። በቃ? እንኳን ደስ አላችሁ ልትሉን ምን ቀራችሁ?

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ልክ የሆነውን ልክ ነው እላለሁ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የጭጋጉ ደቃቅ ብናኞችም ብዙዎቹ በመጠናቸው ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለዚህ ነው ብርሃኑን አጥብቀው የሚበትኑት። ጠዋት አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ይበልጥ ይበትናሉ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋ ነጥታ ሕንፃዎቹ የሚጠፉበት በዚህ ነው። ግን የተበተነው ሁሉ ወደ ጠፈር አይመለስም። አብዛኛው ትንሽ ዘወር ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ጥላሸቱስ? በሙሉ ገጽ ዘገባ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ አልተነሳም። ጥላሸት ብርሃንን ይውጣል። የዋጠውንም ሙቀት አድርጎ ለዙሪያው አየር ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይከድነዋል፣ ጭሱም መውጫ ያጣል። ጥላሸቱ ያንን የላይኛውን አየር ካሞቀው፣ መሬቱ ደግሞ ፀሐይ ከቀረበት፣ ክዳኑ ቶሎ አይነሳም። ጭሱ እኛው ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። መከላከያ ያላችሁት ይህንን ነው!

ወደ ፎቶው ልምጣ። ከዘገባው በላይ ያወጣችሁት ያ የሚጨስ ቆርቆሮ የእኛ ግቢ ማድ ቤት ነው። እህቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ፎቶ አንሺው ከአጥር ውጭ አንስቶ ሄደ። ቢያንኳኳ ኖሮ ገብቶ ቡና ይጠጣ ነበር፣ ዘገባው የጎደለውንም በዓይኑ ያይ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠሉና ጭራሮው ሲነድ፣ በሩ በሚያስገባው ብርሃን ከጥቁሩ ግድግዳ ፊት ያለው ጭስ ሰማያዊ ይመስላል። ያው ጭስ ከጣራው ወጥቶ ከኋላው ብሩህ ሰማይ ሲሆን ቡናማ ይሆናል። ግድግዳው ጋ የሚታየን ወደ ዓይናችን የተበተነው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማዩ ጋ የሚታየን ሰማያዊው ተቀንሶ የተረፈው ነው። ከጣራው ሥር ደግሞ ጥቀርሻው በእጅ ይዛቃል። እናንተ የረሳችሁት ያንን ነው።

«የማብሰያ ጭስም አንዱ ምንጭ ነው» ብላችሁ አልፋችኋል። አብሳዩዋ ማን ናት? ለምን በማገዶ ትጋግራለች? አልጠየቃችሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተናል። ለሥራው የሚበቃ ኃይል እንዲገባልን አመልክተን ነገ ዛሬ እየተባልን ነው። መብራት ሲጠፋ ሊጡ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛም ይሄዳል። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ጭስ ያማርራል። የእህቴ ዓመቱ በሙሉ ኅዳር 12 ነው። ዓይኗ ሁልጊዜ እንደቀላ ነው። ሳሉም ከክረምት ወዲህ አልለቀቃትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ ብናኞች የዓመት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ስለ ብናኝ ሙሉ ገጽ ጽፋችሁ ይህችን አንድ ቁጥር ማስገባት ከበዳችሁ? አንባቢ «ጭጋጉ ይጠቅመናል» ብሎ ጋዜጣውን አጥፎ እንዲያስቀምጥ አድርጋችኋል። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡ። ጥላሸት ብርሃን እንደሚውጥና አየሩን እንደሚያሞቅ ጻፉ። ስለ ማገዶ ጭስ እንደገና የምትጽፉ ከሆነም የሚጋግሩትን ጠይቁ። እህቴ ምጣዷን የምትጥደው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ዘጋቢያችሁ በዚያ ሰዓት ይምጣ።

ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ