ዌብሁክን ስለ መዝጋታችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ዓርብ ሌሊት የዌብሁክ አገልግሎታችንን፣ ማለትም ኮድ ወደ ሰርቨራችን ስትልኩ (ፑሽ ስታደርጉ) ሰርቨሩ እናንተ ወደ ሰጣችሁት አድራሻ በራሱ ጥያቄ የሚልክበትን፣ ሳናሳውቃችሁ በመዝጋታችን ሰኞ ጠዋት ሥራችሁ ስለተስተጓጎለ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከአንዳንዶቻችሁ የደረሰን «ተኝታችሁ ነው» የሚለው ወቀሳ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዶኛል፤ ያን ሌሊት ዓይናችንን አልከደንምና።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሎጉን (የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ) ስመለከት፣ በዕለቱ የተከፈተ አንድ የሙከራ አካውንት ዌብሁኩን ወደ 169.254.169.254 አዙሮ አገኘሁት። ይህ አድራሻ በክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር ስለ ራሱ መረጃ፣ አንዳንዴም ጊዜያዊ ቁልፉን ጭምር፣ የሚጠይቅበት ነው፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም። ዌብሁክ ግን ኮድ ፑሽ ባደረጋችሁ ቁጥር ጥያቄውን የሚልከው ከሰርቨሩ ከራሱ ነው፤ ዘበኛም እንግዳን ይመልሳል እንጂ የቤቱን ልጅ ማን ነህ አይለውም። ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ኮድ በሚቀመጥበት ሶፍትዌር በጊትላብ የተገኘው፣ ሲቪኢ-2021-22214 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው የደህንነት ክፍተት፣ ወደ ውስጥ ኔትወርክ የሚላኩ ዌብሁኮች በተፈቀዱበት ሰርቨር ላይ፣ አካውንት እንኳ ለሌለው ሰው መንገድ ይከፍት ነበር። እኛም የሙከራ ሰርቨሮቻችሁ በውስጥ ኔትወርካችን ስለሚገኙ ይህንኑ ፈቅደን ነበር፤ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ።

«አንዷን አድራሻ ብቻ ለምን አላገዳችሁም?» ላላችሁን፣ ያችው አድራሻ ያለ ነጥብ በአንድ ቁጥር 2852039166 ተብላም ልትጻፍ ትችላለች፤ በዶሜይን ስም ከመጣች ደግሞ ስሙ ሲፈተሽ አንድ፣ ጥያቄው ሲላክ ሌላ አድራሻ ሊያሳይ ይችላል። አስቀድመን ብናሳውቅ ኖሮ ማስታወቂያው ለዚያ አካውንት ባለቤትም በደረሰው ነበር። ጥያቄው ቁልፍ ይዞ እንዳልተመለሰ ከሎጉ አረጋግጠናል፤ ቢሆንም ቁልፎቹን በሙሉ ቀይረናል።

ይህን ሥራ ከሰባት ዓመት በፊት በአንዲት የኪራይ ክፍል ስጀምር ደንበኞቼ ሁለት ነበሩ። የሰርቨር ኪራይ የምንከፍለው በዶላር በመሆኑ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ እኛ ግን ዋጋ የጨመርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነዚያው ሁለት ደንበኞች ሰኞ ዕለት ሊለቁን እንዳሰቡ ጽፈውልናል።

ወደ ውጭ የሚላኩ ዌብሁኮች ከትናንት ጀምሮ ተከፍተዋል። ወደ ውስጥ የሚላኩት የሚሠሩት ለተመዘገቡ አድራሻዎች ብቻ ስለሆነ፣ የሙከራ ሰርቨራችሁን አድራሻና ፖርት በአካውንቱ ባለቤት በኩል ላኩልን። የሁለቱን ነባር ደንበኞቻችንን አድራሻ ግን በቃሌ ስለማውቀው፣ ጥያቄያቸውን ሳልጠብቅ መዝግቤዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት